ለሸክላ የተላከ ሽማግሌ

እስቲ ፍረዱኝ። ሰው ሚስት ሲፈልግ ሽማግሌ ይልካል። ከጎረቤቱ ሲጣላ ሽማግሌ ይልካል። ሚስቱ ኮርፋ እናቷ ቤት ስትገባም ሽማግሌ ይልካል። ለሸክላ ሽማግሌ የላከ ሰው ግን ከእኔ በፊት ስለመኖሩ ሰምቼ አላውቅም። ሸክላ ስላችሁ የሙዚቃውን ነው፤ ጥቁሩን፣ ክቡን፣ መርፌ የሚሄድበትን። ድስት ቢሆንማ ኖሮ ገበያ ወጥቼ እገዛ ነበር፤ ማንስ ይስቅብኝ ነበር?

እኔ ጎንደር፣ አዘዞ ላይ አንዲት ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችኝ፣ እዚያው አጠገብ ጸዳ ከተማ ከእናቴ ጋር የምኖር፣ መንገድ ላይ ማንም ዞር ብሎ የማያየኝ ሰው ነኝ። አንድ በሽታ ግን አለብኝ። የድሮ ሸክላ እሰበስባለሁ፤ ያውም ያገኘሁትን ሁሉ ሳይሆን ጋራዥ ሮክ የሚሉትን።

ጋራዥ ስላልሁ ዘይት የጠጣ መሬትና ሆዱ የተዘረገፈ የጭነት መኪና እንዳይታያችሁ። እኛ አገር ጋራዥ መኪና ሲታመም የሚተኛበት ነው፤ ፈረንጅ አገር ግን ጤነኛውም መኪና የሚያድርበት ክፍል ነው አሉ። ታዲያ ፈረንጆቹ ስድሳዎቹ በሚሏቸው ዓመታት፣ ጢማቸው ገና ያላቆጠቆጠ ልጆች አባታቸው መኪናውን ይዞ ሥራ ሲሄድ ጠብቀው እዚያ ባዶ ክፍል ይገቡና ጊታርና ከበሮ ይደበድቡ ነበር። መዝፈን አይችሉም። ጊታሩ አልተቃኘም። ከበሮ መቺው ቶሎ ጨርሶ ወደ ቤቱ ለመሄድ የቸኮለ ይመስላል። ግን ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ? እነዚህ ልጆች የሚጮኹት ከልባቸው ነው። የተስተካከለ፣ የተለሳለሰ ሙዚቃ ስሰማ እንቅልፌ ይመጣል። እነሱን ስሰማ ግን ፎቶ ኮፒ ቤት የከፈትሁት በስሕተት ነው እላለሁ።

በሽታው የያዘኝ ቅዳሜ ገበያ ነው። አንዲት እርጎ ሻጭ የቅሏን አፍ በትንሽ ሸክላ ከድናው አየሁ። ክዳኑን ብቻ ሽጪልኝ ብላት እንደ እብድ አየችኝ። ስለዚህ እርጎውን ከነክዳኑ ገዛሁ። እርጎ አልወድም። ሸክላዋን አጥቤ፣ ሲዘጋ ሻንጣ የሚመስል አሮጌ ማጫወቻ ፈልጌ ገዝቼ ባዳምጣት፣ ያ ሁሉ የልጅ ጩኸት ከነሕይወቱ ቤቴን ሞላው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጤና የለኝም። እናቴ «ሰው በአንተ ዕድሜ ልጅ ያስተኛል፤ አንተ አቧራ ትጠርጋለህ» ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። አንድ ቀን ከአይከል የመጣ ደንበኛ ወረቀቱ እስኪባዛ ድረስ የሱቄ ግድግዳ ላይ የሰቀልኋትን ሸክላ አየና ሳቀ።

«አያ ጫኔም እንዲህ ያለች አለችው» አለኝ። «በልጅነቱ አስመራ ጋራዥ ሲሠራ የሰጡት ናት። ሰው አያስነካም። እኔ ውስጧ አለሁ ይላል።»

«ውስጧ ማለት?»

«እኔ እንጃ! አለሁ ይላል። ከተማው ሁሉ ይቀልድበታል።»

ከደስታዬ ብዛት የደንበኛዬን ወረቀት በባዶ ጀርባው ገልብጬ አባዛሁለት። ጋራዥ ሮክ፣ ያውም በእውነተኛ ጋራዥ፣ ያውም አስመራ የተቀዳ! መንገዱ ሰላም በሆነበት ሰሞን፣ ሱቄን ዘግቼ አይከል ገባሁ።

አያ ጫኔ ቀጠን ያሉ፣ ጋቢያቸውን እንደ ጄኔራል ካፖርት የሚለብሱ፣ ሰባውን የተሻገሩ ሽማግሌ ናቸው። ሸክላዋ ግድግዳው ላይ፣ ከመድኃኔ ዓለም ሥዕል ዝቅ ብላ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍና ተሰቅላለች። ጨርቁን ገለጥ አደረጉልኝ። ከዚያ በላይ መቅረብ የለም።

«የጋራዡ ጌታ ልጅ ነው ከጓደኞቹ ጋር የዘፈናት» አሉኝ። «ሥራ ስንዘጋ ማኪናውን ገፍተው ያወጡና እዚያው ይጮኻሉ። አንድ ቀን ድምፅ የሚቀዳ ሰው አመጡ። ጥቂት ናት ያሳተሟት። ልጁ አንዷን ሰጠኝና አንተም አለህባት ብሎኝ ሳቀ። እኔም አባቴ ታሞ ወደ አገሬ ተመለስሁ።»

«እና እንዴት ነው ያሉበት? ዘፍነው ነው?»

የመለሱልኝ ባለቤታቸው እማማ የሺ ናቸው፤ ጓዳ ሆነው ሽሮ ይነፋሉ።

«ሰምቷት መች ያውቅና ልጄ! ማጫወቻ በዚህ ቤት ኖሮ አያውቅ። ከተጋባን ጀምሮ አለሁ፣ አለሁ ይላል፤ እኔ እሱን ያየሁ ሜዳ ላይ ነው፣ ሸክላ ውስጥ አላየሁት።»

አያ ጫኔ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ከአንገት በላይ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን አለሁ ሲሉ ኖረው፣ መኖራቸውን ግን እሳቸውም እንዳላረጋገጡ ያኔ ገባኝ። ጎረቤቱ ላም አለኝ በሰማይ እያለ ያሾፍባቸዋል። ይኼን ሁሉ እያየሁ፣ ከሰው ተራ ያልወጣ ሰው የማያደርገውን አደረግሁ። ቦርሳዬን ከፍቼ ብር አወጣሁ።

የአያ ጫኔ ፊት ጠቆረ። «ምነው ልጄ፣ ገበያ መሰለህ? ከዚህ ቤት የሚወጣ ነገር በሽማግሌ እንጂ በቦርሳ አይወጣም። ልጆቼን ሁሉ በሽማግሌ ነው የሰጠሁ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይኼ «አልሰጥህም» ማለት እንደሆነ ይገባው ነበር። የሸክላ በሽተኛ ግን የሚሰማው የሚፈልገውን ነው። ሽማግሌ ካመጣሁ ይሰጡኛል ብዬ እየዘለልሁ ጎንደር ተመለስሁ።

ቀጥታ አጎቴ ዘንድ ሄድሁ። አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ እኔን ሳይድር እንዳይሞት በየዓመቱ ስለት የሚሳል ሰው።

«አያ፣ ሽማግሌ ልትሆነኝ ነው» አልሁት።

ዓይኑ እንባ ሞላ። ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ። «የማን ልጅ ናት?»

«አይከል፣ አያ ጫኔ ቤት ያለች ናት።»

«የጨዋ ቤት ነው! ዕድሜዋስ?»

«ሃምሳን አልፋለች።»

የእህቱን ልጅ ላለማስቀየም ቃል ሲመርጥ ቆየ። «ምን አለበት፣ የሰከነች ትሆናለች» አለ በመጨረሻ።

«ሸክላ ናት፣ አያ።»

የሳመኝን ግንባር በከዘራው ሊለው ምንም አልቀረው። ግን ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስነግረው አያ ጫኔ ያሉት ቃል አሸነፈው። «ሽማግሌ ላክ ተብሎ አለመላክ ነውር ነው» አለና ነጠላውን አነሣ።

ሁለተኛው ሽማግሌ ጎረቤታችን መሪጌታ ናቸው። ነገሩን ሰምተው አልሳቁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ዜማዋ ግዕዝ ነው፣ ዕዝል ነው፣ ወይስ አራራይ?»

«ጋራዥ ነው፣ የኔታ።»

«ጋራዥ የሚባል ዜማ አልተማርሁም» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፤ «ቢሆንም አዲስ ነገር ሳይሰሙ መፍረድ አይገባም።»

ለሽምግልና ሁለት ሰው አይበቃም። ሦስተኛ ስንፈልግ ቀኑ ረፈደ፤ ስለዚህ የተሳፈርንበትን ሚኒባስ ሹፌር ለምነን ሦስተኛ አደረግነው። እሱም ጋቢ ተውሶ ለበሰ፤ ረዳቱ ሲያየው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ።

አያ ጫኔ ደጃፍ ስንደርስ ሽማግሎቼ በሥርዓቱ ቆሙ። እኔ በሥርዓቱ ከአጥር ውጭ ቀረሁ፤ ጠያቂው ልጅ ሽምግልና ላይ አይታይማ።

«ኑ ግቡ፣ ቁጭ በሉ» ይላሉ አያ ጫኔ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል አጎቴ።

ከአጥሩ ክፍተት፣ በተከፈተው በር ስመለከት የአያ ጫኔ ፊት በርቷል። ለካ እኔ የጓጓሁትን ያህል እሳቸውም ሲጠብቁ ኖረዋል። መምጣታችንን ሰምተው ንጹሕ ልብስ ለብሰዋል፤ ምስክር እንዲሆኑ ሁለት ጎረቤት ጠርተዋል። ይቺን ሸክላ ሰው ቁም ነገር ብሎ ሲጠይቃቸው የመጀመሪያቸው ነበር።

ከዚያ ምርመራው መጣ። ልጁ ይጠጣል? አይጠጣም። ቤቱ እርጥበት አለው? የለውም። አይጥስ? መሪጌታ እዚህ ላይ ሐሰት መናገር ስላልፈለጉ «ድመት አለ» ብለው አለፉ። ከማን ጋር ነው የምታድረው? አጎቴ «ከሌሎች ሸክላዎች ጋር፣ አንድ መደርደሪያ ላይ» አለ።

«ጨዋ ናቸው?» አሉ አያ ጫኔ።

«ይጮኻሉ እንጂ ጨዋ ናቸው።»

ሹፌሩ ሳቁን ለመደበቅ ጋቢውን አፉ ላይ ጎሰጎሰ። አያ ጫኔ ግን አልሳቁም። ግድግዳው ላይ ወዳለችው ሸክላ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«እሰጣለሁ። ግን ከመውጣቷ በፊት እዚህ፣ በዚህ ቤት፣ የሺ ባለችበት ትሰማ። ካለሁ እንዳለሁ ይታወቅ። ከሌለሁም ቁርጤን ልወቅ።»

ጓዳ የወንፊቱ ድምፅ ቆመ። እማማ የሺም ሲሰሙ ነበር።

በቀጠሮው ቀን ማጫወቻዬን ይዤ ሄድሁ። መሪጌታ መንገዱን ሙሉ ጉልበታቸው ላይ አቅፈውት ተጓዙ፤ ጉድጓድ በመጣ ቁጥር ከእኔ በፊት እሳቸው «እግዚኦ» ይላሉ። ይሄን ጊዜ እኔም ሙሽራ ነኝና ገባሁ። ቤቱ ግጥም ብሏል። አያ ጫኔ ሸክላ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን ለማየት ያልመጣ የሰፈር ሰው አልነበረም። ለመሳቅ ተዘጋጅተው መምጣታቸው ከአቀማመጣቸው ያስታውቃል።

አጎቴ ቆመ። ማጫወቻውን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ። ዕድሜውን ሙሉ ሽማግሌ ሆኖ ስንት ልጅ ድሯል፤ አፉ ከለመደው ሌላ ቃል ከየት ያምጣ?

«ይኸው፣ ልጃችን እንደ አቅሙ ጥሎሽ ይዞ ቀርቧል!» አለ።

«ያዝልቅልን!» አለ ቤቱ። እማማ የሺ እልል አሉ። እኔም አብሬ አጨበጨብሁ። ያጨበጨብሁት በገዛ ንብረቴ ላይ መሆኑን አላወቅሁም።

ከዚያ አሳሬን አየሁ። መብራት የለም፤ ለዚያስ ባትሪ ድንጋይ ይዣለሁ። የእንዲህ ያሉ ትንንሽ ሸክላዎች መሐል ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ ግን መሙያ ያስፈልገዋል፤ እሱን ጸዳ ጠረጴዛ ላይ ረስቼዋለሁ። ሸክላዋ እንደ ሰካራም ስትወላገድ ሕዝቡ መሳቅ ጀመረ። እማማ የሺ ምንም ሳይሉ ፍሬው የተፈለፈለ የበቆሎ ቆረቆንዳ አንሥተው በቢላ ቆረጡና ሸርፈው ሸርፈው ሰጡኝ። ልክክ አለ።

መርፌውን አስቀመጥሁ።

የወጣው ድምፅ የታመመ በሬ ድምፅ ነበር። እየተጎተተ፣ እያቃሰተ፣ ከመሬት በታች የሚመጣ ጓጓታ።

«እና ጫኔ፣ አንተ የትኛው ነህ?» አሉ እማማ የሺ። «የሚያገሳው ነህ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አያ ጫኔን አየኋቸው። ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው መሬት መሬት ያያሉ። በዚያች ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ፤ ምክንያቱም ጥፋቱ የእኔ ነው። ማጫወቻዬ ሁለት ፍጥነት አለው፤ ለትልልቆቹ ዝግ ያለ፣ ለትንንሾቹ ፈጠን ያለ። በድንጋጤ የትልልቆቹ ላይ ትቼዋለሁ። ይቺን ደግሞ ማንም ጀማሪ አይሳሳታትም።

«ቆይ! ቆይ!» ብዬ ማርሹን ቀየርሁ።

አሁን መጣ። ወገኖቼ፣ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ያልተቃኘ ጊታር፣ ቆርቆሮ የሚመስል ከበሮ፣ እንግሊዝኛው እንግሊዝ ሰምቶት የማያውቅ እንግሊዝኛ። ልጆቹ ይጮኻሉ። ዕድሜ ልኬን ስፈልግ የኖርሁት ይኼንኑ ነበር። ቀና ስል ግን ዘፈኑን የሚሰማ የለም፤ ሁሉም የሚጠብቀው አያ ጫኔን ነው። አያ ጫኔ የሉም። ጊታሩ መጣ፣ የሉም። ጩኸቱ ተደገመ፣ የሉም። መርፌዋ ወደ መሐል እየተጠጋች ነው። እማማ የሺ መቀለዱን ትተው ባላቸውን በሐዘን ማየት ጀመሩ፤ ያ ከሳቁ ይብስ ነበር።

ዘፈኑ አለቀ። ልጆቹ ሲያለከልኩ ይሰማል። ድንገት ከኋላ፣ ከሩቅ፣ ብረት ሲሚንቶ ላይ ሲወድቅ ቃንንን! አለና አንድ ወጣት ድምፅ ተከተለ።

«ጫኔ! አንተ ጫኔ! ምን ጣልህ?»

«አቤት!» አሉ አያ ጫኔ።

ብድግ ብለው ቆመዋል። ጋቢያቸው መሬት ወድቋል። ሁለት እጃቸውን ወደ ጎን አድርገው፣ እንደ ተቆጡት ልጅ፣ ማጫወቻውን እያዩ «ቸርኬ ነው ጌታዬ፣ የጎማ ቸርኬ አምልጦኝ ነው» አሉ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ሸክላዋ መጨረሻዋ ላይ ደርሳ ሽው፣ ሽው ትላለች። እኔ ለመንካት ድፍረት አጣሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለመስማት ነው ለካ ሰው ሸክላ የሚሰበስበው።

«ድገመው» አሉ እማማ የሺ። ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ነው። «ድምፁንም ከፍ አድርገው፤ ያልመጣ ጎረቤት ይስማ።»

ደገምሁት። ባትሪው እስኪደክም ደጋገምሁት። አያ ጫኔ በየድጋሚው አቤት ይላሉ፤ በየድጋሚውም ቁመታቸው የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። እማማ የሺም ቆይተው ወደ ሴቶቹ ዞረው «ያኔም ያገኘውን ይጥል ነበር ማለት ነው፤ ከእኔ ዘንድ ሆኖ የተበላሸ እንዳይመስላችሁ» አሉ።

መሪጌታ ፍርዳቸውን ሰጡ። «ግዕዝም አይደለ፣ ዕዝልም አይደለ፣ አራራይም አይደለ። መጨረሻ ላይ የገባችው ጸናጽል ግን ሸጋ ናት።»

አያ ጫኔ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። ሸክላዋን በነጩ ጨርቅ ጠቅልለው፣ በዘረጋኋቸው ሁለት እጆቼ ላይ አስረከቡኝ። «እንደ ዓይንህ ብሌን ያዛት» አሉ። መረቁኝ፤ ጉልበታቸውን ስሜ ተነሣሁ። ከዚያ ማጫወቻዬን ልዘጋ ጎንበስ ስል የአጎቴ እጅ እጄ ላይ አረፈ።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ልዘጋው ነዋ፣ ልንሄድ አይደል?»

«ጥሎሽ ነው'ኮ።»

«የምን ጥሎሽ? ማጫወቻዬ ነው!»

«በሕዝብ ፊት ጥሎሽ ነው ብዬ አቅርቤዋለሁ፤ ያዝልቅልን ተብሏል። አንተም አጨብጭበሃል። የቀረበ ጥሎሽ ይዞ የተመለሰ ዘመድ አለን?»

መሪጌታን አየሁ። እሳቸው ወደ ጣሪያው አዩ። ሹፌሩን አየሁ። «ሥርዓት ሥርዓት ነው» አለኝ፤ አንድ ቀን ጋቢ ስለለበሰ!

መከራከር ይቻል ነበር። ግን አያ ጫኔ ማጫወቻው አጠገብ በርከክ ብለው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ምራቅ አስነክተው፣ መንገድ ላይ የለበሰውን አቧራ ቀስ እያሉ ሲጠርጉለት አየሁ። እንኳን ማጫወቻ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኔንም ቢሉኝ እሰጥ ነበር።

እንግዲህ ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። እኔ ጸዳ ላይ መደርደሪያ ሙሉ ሸክላ አለኝ፤ ማጫወቻ የለኝም። አያ ጫኔ አይከል ላይ ማጫወቻ አላቸው፤ ሸክላ የላቸውም። እናቴ ነገሩን ስትሰማ «አያያዙን አይተው ጭብጦውን ቀሙት» አለችና ለወንድሟ ደውላ ሰደበችው።

ትናንት ስልኬ ጮኸ። እማማ የሺ ናቸው። «ምነው ልጄ ጠፋህ? ይኼ ሰውዬ ማጫወቻውን ከፍቶ በር በሩን ያያል» አሉኝ። መንገዱ ሰሞኑን እንደተዘጋ፣ ሲከፈት በመጀመሪያው መኪና እንደምመጣ ነገርኋቸው። ከዚያ ስልኩን አያ ጫኔ ተቀበሉ።

«ደህና ናት?»

«ደህና ናት፣ አያ።»

«እርጥበት አላገኛትም?»

«አላገኛትም።»

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አጠገባቸው ያሉት እማማ የሺ እንዳይሰሟቸው ይመስለኛል፣ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እስቲ ስልኩን ወደሷ አስጠጋልኝ።»

እኔም፣ የፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ግብር ከፋይ ዜጋ፣ ተነሥቼ ነጩን ጨርቅ ገለጥሁና ስልኩን ሸክላዋ ላይ አስደግፌ ከክፍሉ ወጣሁ። ምን እንዳሏት አልሰማሁም። የአባትና የልጅ ወሬ ቆሞ አይሰማም።